መስፋትና መስፋት፤ የነፍሰ ጡር ልብስ ታሪክ ከጁባ ገበያ ሲታይ

በአማርኛ «መስፋት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይገኛል። አንዱ ጨርቅን በመርፌና በክር ማያያዝ ነው። ሌላው ጠባብ የነበረው ነገር ሰፊ መሆን ነው። መምህራን ይህን ቃል ለተማሪዎቻችን የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰዋስው ክፍለ ጊዜ፣ አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላትን ስናስረዳ ነው። ዳሩ ግን በታሪክ ውስጥም ሁለቱ ትርጉሞች የተጋጩበት አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም የነፍሰ ጡር ሴት ልብስ ነው። በልክ የተሰፋ ልብስ ሆድ ሲገፋ አይሰፋም፤ ያልተሰፋው ጨርቅ ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሰፋል።

«ስለ ነገሥታት ዘመንና ስለ ጦርነት እንጂ ስለ እናቶች ቀሚስ ምን ታሪክ ይጻፋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ሰው ሁሉ በእናቱ ማኅፀን ዘጠኝ ወር ሲቀመጥ እናቱ አንድ ነገር ለብሳ ነበር። ያንን ልብስ ማን ሠራው? ጨርቁ ከየት መጣ? ማን ፈቀደው፣ ማንስ ከለከለው? ብለን ስንጠይቅ ንግድ፣ ቅኝ አገዛዝ፣ ስደትና ጤና ተያይዘው ይመጣሉ። ለዚህም ምሳሌ እንድትሆነን የጎረቤታችንን የደቡብ ሱዳንን ዋና ከተማ ጁባን መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ሳይባል የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን ልንገልጽ እንወዳለን።

በኮንዮ ኮንዮ ገበያ

ጁባ ከነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 550 ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ከከተማዋ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ኮንዮ ኮንዮ ይባላል። በዚህ ገበያ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ልብስ ልትገዛ ስትመጣ በፊቷ ሦስት ዐይነት ምርጫ ይቀርብላታል።

አንደኛው ላዋ ነው። ላዋ አራት ማዕዘን የሆነ ጨርቅ ሲሆን፣ በአንድ ትከሻ ላይ ታስሮ ሌላውን ትከሻ ገልጦ እስከ እግር የሚወርድ ልብስ ነው። መቀስም ሆነ መርፌ ብዙ አይፈልግም። ሁለተኛው ኪቴንጌ ነው። ይህ ደማቅ ቀለም ያለው የታተመ የጥጥ ጨርቅ በያርድ ተለክቶ ይሸጣል፤ ገዥዋም ወደ ልብስ ሰፊ ወስዳ በልኳ ታሰፋዋለች፤ ወይም ሳታሰፋ በወገቧ ላይ ታገለድመዋለች። ሦስተኛው ተሰፍቶ የመጣው ልብስ ነው። ከዚህም ውስጥ አዲሱ አለ፤ እኛ ሰልባጅ የምንለው ከባሕር ማዶ የመጣ ልባሽም አለ።

እነዚህ ሦስት ምርጫዎች በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ቢቀመጡም እድሜያቸውና የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ቆዳ፣ ዶቃና ያልተሰፋ ጨርቅ

ዛሬ ጁባ የቆመችበት ምድር የባሪ ሕዝብ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኦስትሪያ ካቶሊክ ሚሲዮናውያንና ከካርቱም የተነሡ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች በጀልባ ዓባይን ሽቅብ ተጉዘው ከጁባ አቅራቢያ ወደምትገኘው ጎንዶኮሮ ሲደርሱ፣ የባሪ ሴቶች የቆዳ ሽርጥና የዶቃ ጌጥ ይታጠቁ ነበር። ከነጋዴዎቹ ዋና ዋና ሸቀጦችም አንዱ ከአውሮፓ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ነበር። የዝሆን ጥርሱ ንግድ ብዙ ሳይቆይ ከባሪያ ንግድ ጋር ተዳብሎ አገሩን አመሰቃቀለው። በ1871 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር የግብፁን ገዥ የኢስማኤልን ባንዲራ በጎንዶኮሮ ተከለ።

ከሕዝቦቹ ልብስና ጌጥ ውስጥ ስለ እርግዝና የሚናገር ነገር ነበር። ለምሳሌ ያህል በዲንቃ ዘንድ ወጣት ወንዶች ወገባቸውን አጥብቆ የሚይዝ የዶቃ ልብስ ሲለብሱ፣ ሴቶች ደግሞ ከትከሻ ላይ ላላ ብሎ የሚንጠለጠልና ዛጎል የተሰካበት የዶቃ ልብስ ይለብሱ ነበር። ዛጎሉም የመውለድ በረከት ምልክት ነው ተብሎ ይታመናል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የወንዱ ጠባብ፣ የሴቲቱ ልል መሆኑ ነው። በሆድ ዙሪያ የሚታሰረው ሽርጥም ቢሆን እንደ ሆዱ መጠን ዝቅ ተደርጎ ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ «የነፍሰ ጡር ልብስ» የሚባል ለብቻው የተለየ ነገር ማዘጋጀት አላስፈለገም።

ጨርቁ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንዱ በሰሜን ከግብፅና ከካርቱም ነው። ሁለተኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። የአሜሪካ ነጋዴዎች፣ በተለይም የሴለም ከተማ ሰዎች፣ በ1833 ከዛንዚባሩ ሡልጣን ጋር የንግድ ውል ካደረጉ በኋላ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በብዛት ወደ ጠረፉ አፈሰሱ። ይህ ጨርቅ በስዋሂሊ «መሪካኒ» ተባለ። ወደ እኛም አገር በምጽዋና በዘይላ በኩል ገብቶ አቡጀዲድ በሚል ስም የታወቀው የዚሁ ወገን ነው። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የጥጡ ንግድ ተቋረጠ፤ የሕንድና የእንግሊዝ ጨርቅም ቦታውን እየያዘ ሄደ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ደግሞ በዛንዚባርና በሞምባሳ ካንጋ የተባለው የታተመ ጨርቅ ተስፋፋ። ኪቴንጌም የዚህ ዘመድ ነው። የጃቫን የሰም ሥዕል ጨርቅ በማሽን ለመኮረጅ የተነሡ የሆላንድ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በ1846 በሄልሞንድ ከተማ ተቋቁሟል። ለጃቫ የታሰበው ጨርቅ ገበያ ያገኘው ግን በአፍሪካ ነው። ዛሬ በቻይናና በሌሎች የእስያ አገሮች የሚታተመውም ገበያውን ሞልቶታል።

ካንጋና ኪቴንጌ በነፍሰ ጡሮች ዘንድ የተወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ጨርቅ በሦስተኛው ወር ወገብ ላይ ይታሰራል፤ በስምንተኛው ወር ከጡት በላይ ይታሰራል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ሕፃኑ በጀርባ ይታዘልበታል። በአንድ ዋጋ ሦስት አገልግሎት ማለት ነው።

የስፌት መኪናና የገዥው ትእዛዝ

ሱዳን ከ1899 ጀምሮ በእንግሊዝና በግብፅ ስም ትተዳደር እንጂ ሥልጣኑ የእንግሊዞች ነበር። ጁባ በከተማነት የተመሠረተችው የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ከሞንጋላ ወደዚያ ሲዛወር፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። የግሪክ ነጋዴዎችም ሱቆቻቸውን ከከፈቱት ውስጥ ነበሩ። በ1922 የወጣው ደንብ ደቡቡን ለሰሜን ሱዳን ሰዎች ዝግ የሆነ ወረዳ አደረገው። በጥር 1930 ደግሞ «የደቡብ ፖሊሲ» በመባል የታወቀው መመሪያ ወጣ። የዚህ ፖሊሲ ዓላማ የዐረብኛን ቋንቋ፣ የእስልምናን ሃይማኖትና የሰሜንን ልማድ ከደቡብ ማራቅ ነበር።

ይህ ፖሊሲ እስከ ልብስ ሰፊው መኪና ድረስ ወረደ። በጥር 1935 በባሕር ኤል ጋዛል ምዕራባዊ ወረዳ የነበረው እንግሊዛዊ አስተዳዳሪ ለነጋዴዎች ትእዛዝ ጻፈ። የዐረብ ልብስ ከእንግዲህ አይሠራም፤ አይሸጥም፤ ሸሚዝ በአውሮፓ ሥርዓት አጭር ሆኖ ኮሌታ ያለው ይሁን፤ በእጅ ያለው ዕቃ እስከ የካቲት መጨረሻ ተሽጦ ይለቅ፤ የሚል ነበር። ትእዛዙም የልብስ ስፌት መኪና ባለቤቶችን ሁሉ እንደሚመለከት በግልጽ ተነገረ።

ይህ ታሪክ ከነፍሰ ጡር ልብስ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሱ የሚከተለው ነው። ትእዛዙ በአመዛኙ የወንዶችን ልብስ የሚመለከት ቢሆንም፣ ልብስ በለባሹ ገላና በአየሩ ጠባይ መወሰኑ ቀርቶ በቢሮ ወረቀት መወሰን መጀመሩን ያሳያል። ሰፊና ልል የነበረው «ኋላ ቀር» ወይም «የባዕድ» ተባለ፤ ኮሌታና ቁልፍ ያለው ደግሞ «ሥልጡን» ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም ልጃገረዶች መርፌ ሥራ ሲማሩ የተማሩት በአውሮፓ ልክ የተቆረጠ ቀሚስ መስፋትን ነበር። ወገቡ ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ ወደ አገር በገባበት ዕለት፣ በአምስተኛው ወር የማይዘጋ ቀሚስም አብሮ ገባ ማለት ነው።

በኒውዮርክ የተሰፋው ቁጥር

የተሰፋ ልብስ ያመጣው ችግር በአፍሪካ ብቻ አልታየም። እንዲያውም ችግሩ የከፋው ልብሱ በተወለደበት አገር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ከተማ ሴቶች ወገባቸውን በኮርሴት ይጠርቁ ነበር። ለነፍሰ ጡር የሚሆን በገመድ የሚላላ ኮርሴትም ይሸጥ ነበር። ሆዷ የገፋ የባለጸጋ ሚስት ግን በአደባባይ መታየት እንደ ነውር ስለሚቆጠርባት አብዛኛውን ጊዜ በቤቷ ትወሰን ነበር። ሠርታ የምታድር ድሃ ሴት ደግሞ ያለችውን ቀሚስ እየተረተረችና እየለጠፈች ወሯን ትገፋ ነበር።

ሊና ብራያንት በ1879 በሊቱዋንያ ተወልዳ በ1895 ወደ ኒውዮርክ የተሰደደች ሴት ናት። ባሏ ሕፃን ልጅ ትቶባት ሲሞት በልብስ ስፌት ራሷን ለመቻል ተነሣች። በ1904 ገደማ በኒውዮርክ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ከዚያም አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ የሚመች፣ ከሰው ፊት ቢቀርቡበትም የማያሳፍር ልብስ እንድትሠራላት ለመነቻት። ብራያንት በላስቲክ ወገብ ላይ የተሸበሸበ ጉርድ አያይዛ ሰፋችላት። ልብሱ ተወደደ፤ ሌሎችም እየመጡ ጠየቁ። ሆኖም ጋዜጦች የእርግዝናን ነገር ማተም ነውር ነው በማለት ማስታወቂያዋን አልቀበልም አሉ። በ1911 አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ማስታወቂያውን ባወጣው ጊዜ ግን በሱቋ የነበረው ዕቃ በማግስቱ ተሽጦ አለቀ። ሱቁም እያደገ ሄዶ ስሙ የታወቀ ታላቅ ድርጅት ሆነ።

በ1938 ደግሞ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አንዲት ወጣት ለነፍሰ ጡር እኅቷ ከሆዱ በኩል የተቆረጠ ቀዳዳ ያለውና ከላይ በሰፊ እጀ ጠባብ የሚሸፈን ጉርድ ሠራች። ይህም ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። ልብ በሉ፤ ሊና ብራያንት በላስቲክና በሽብሽብ የፈታችው ችግር የላዋ ለባሿ ሴት በአንድ ቋጠሮ የምትፈታው ነው። ይህን ስንል የስፌትን ጥበብ ለማንኳሰስ አይደለም። የነፍሰ ጡር ልብስ የተባለው ሸቀጥ የተፈለሰፈው ልብስ ጠባብ በሆነበት አገር መሆኑን ለማሳየት ነው።

መቀነት፣ ነጭ ቶብና ነጭ ጋውን

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የደገኛዋ ሴት የአገር ልብስ ሰፊ ቀሚስና መቀነት ነበር። መቀነት ወገብን ብዙ ጊዜ የሚዞር ረጅም የጥጥ ድግ ነው። ገንዘብ በጫፉ ይቋጠርበታል፤ በሥራ ጊዜ ወገብ ያጠነክራል፤ በእርግዝና ጊዜ ይላላል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ የአራሷ ወገብና ሆድ ይታሰርበታል። ሰበብ የሚያበዛን ሰው «የመቀነት አደናቀፈኝ» ይላል ብለን እንተቻለን። ለነፍሰ ጡር ግን መቀነት ሰበብ አልነበረም፤ በየወሩ ልኳን የምታስተካክልበት መሣሪያዋ ነበር። ነጠላዋም ሆዷን ከዓይን ትከልልላታለች። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ የሚመርቃት ጎረቤት መኖሩን ያህል፣ ዓይን እንዳይበላት ብላ እርግዝናዋን የምትሸሽግበት ልማድም ስለ ነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ጨርቅና የስፌት መኪና በብዛት ገባ። በ1953 ዓ.ም. በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የፋብሪካ ጨርቅ ለብዙ ቤተሰብ ቀረበ። የከተማዋ ሴት ጉርድና ሸሚዝ ለበሰች፤ መቀነቷም በዚፕ ተተካ። ችግሩም እኛ ዘንድ ደረሰ።

እዚህ ላይ ከሱዳን አንድ ጠቃሚ ንጽጽር እናገኛለን። በ1921 በኦምዱርማን የአዋላጆች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መሥራቿም ሜብል ዎልፍ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። በዚያ ዘመን በመንግሥት ሥራ የተሠማሩ የሱዳን ሴቶች፣ ማለት አዋላጆችና መምህራት፣ የሥራ ልብሳቸው ነጭ ቶብ ነበር። ቶብ ከአራት ሜትር የሚበልጥ ያልተሰፋ ጨርቅ ሲሆን ገላን ሁሉ ዞሮ በራስ ላይ ያርፋል። መምህርቷ ስታረግዝ የሥራ ልብሷን መቀየር አላስፈለጋትም። ደንቡ ከገላዋ ጋር አልተጣላም።

በእኛ አገር ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚለብሱት ነጭ ጋውንስ? ቾክን ለመከላከልና መምህርን ከሌላው ለመለየት የተመረጠ ነው። ነገር ግን ቁልፎቹ ከፊት ናቸው። ሆዷ የገፋ መምህርት በሰባተኛው ወር ላይ ከላይ ሁለቱን ብቻ ቆልፋ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ስትቆም ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። ይህ ማለት ሠራተኛይቱ እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ በሥራ ላይ ትቆያለች ማለት ነው። ታዲያ የሥራ ልብስ ሲታደል ለነፍሰ ጡሮች በጎን የሚላላ ሁለት ወይም ሦስት ጋውን አብሮ ማሰፋት ለትምህርት ቤቱ ምን ያህል ወጪ ነው? ልብስ ሰፊውን ብንጠይቅ ልዩነቱ የአንድ ክንድ ጨርቅ መሆኑን ይነግረናል።

ስደት ያመጣው ልብስ

ወደ ጁባ እንመለስ። ሱዳን በጥር 1956 ነጻ ስትወጣ የደቡብ ጦርነት አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። የጄኔራል አቡድ መንግሥት በ1960 የደቡብን የሳምንት ዕረፍት ከእሑድ ወደ ዓርብ አዛወረ፤ በ1964 የውጭ ሚሲዮናውያንን ከደቡብ አባረረ። ቀድሞ የዐረብ ልብስ ሲከለከልበት የነበረው አገር አሁን በተቃራኒው የዐረብ ልማድ እንዲስፋፋበት ተፈለገ። የቶብና የቀሚስ ጉዳይ የፖለቲካ ጉዳይ ሆኖ ቀጠለ።

በ1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ጁባ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። ስምምነቱ በ1983 ሲፈርስ ጦርነቱ እንደገና ነደደ። ጁባ በመንግሥት ጦር እጅ እንዳለች በአማፅያን ተከበበች። ሕዝቡም በሦስት አቅጣጫ ተበተነ። ወደ ካርቱም የሸሸችው ሴት ቶብ ለመደች። ወደ ኡጋንዳና ወደ ኬንያ የሸሸችው ኪቴንጌ ለመደች። ወደ እኛ አገር ወደ ጋምቤላ የመጣችው ደግሞ በኢታንግና በፉኝዶ መጠለያዎች የርዳታ ልብስ ለበሰች። የርዳታ ልብስ ደግሞ የሚያድለው እንጂ የምትለብሰው አይመርጠውም። በጦርነቱ ዘመን ብዙ የተፈናቀሉ ሴቶች ሚላያ የሚባለውን የአልጋ ልብስ በክር እየጠለፉ በመሸጥ ቤተሰባቸውን መግበዋል። መርፌና ክር ለእነርሱ ጌጥ ሳይሆን እንጀራ ነበር።

በጥር 2005 ሰላም ሲፈረም፣ በሐምሌ 2011 ደግሞ ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ስትሆን ተመላሾቹ ሁሉ የየስደታቸውን ልብስ ለብሰው ጁባ ገቡ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነጋዴዎችም ሆቴልና ሱቅ ከፈቱ። በኡጋንዳ ድንበር ከምትገኘው ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ለብሶ ሲያልቅ የካምፓላ ኪቴንጌና ሰልባጅ በቀላሉ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ በኮንዮ ኮንዮ ላዋ፣ ቶብ፣ ኪቴንጌና የተሰፋ ቀሚስ ጎን ለጎን መታየታቸው እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ የስደት ካርታ ነው። በታኅሣሥ 2013ና በሐምሌ 2016 በጁባ በተነሡት ውጊያዎች ብዙዎች እንደገና ተሰደዱ። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከካርቱም በኩል ብዙ ሕዝብ ተመለሰ። ካርታው ገና ተስሎ አላለቀም።

የሴቶችን ልብስ በትእዛዝ የመወሰን ልማድም ከቅኝ ገዥዎች ጋር አልሄደም። በጥቅምት 2008 በጁባ ጠባብ ሱሪ የለበሱ ብዙ ወጣት ሴቶች ሰላም አደፍርሰዋል ተብለው በፖሊስ ተይዘው ነበር፤ ነገሩ ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ ተለቀቁ። በ1935 ሰፊው ተከለከለ፤ በ2008 ጠባቡ ተከለከለ። በሁለቱም ጊዜ ለባሿን የጠየቀ የለም።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ስለ መሆኑ

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ስለ ፋሽን ለማውራት አይደለም። በ2006 በሱዳን በተደረገው የቤተሰብ ጤና ጥናት መሠረት በደቡቡ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 2,054 እናቶች ይሞቱ ነበር። ይህም በዚያን ጊዜ በዓለም ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነበር። በአገራችን በ2000 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ 871 ነበር፤ በ2016 በተደረገው ወደ 412 ወርዷል። በጁባ በ2010 የነርሶችና የአዋላጆች ኮሌጅ መከፈቱም ይህንኑ ሞት ለመቀነስ የተወሰደ እርምጃ ነው።

ልብስ የእናቶችን ሞት አያስቀርም። የሚያስቀረው አዋላጅ፣ መድኃኒት፣ ደምና መንገድ ነው። ዳሩ ግን ወደ አዋላጇ የምትሄደው ሴት ከቤቷ መውጣት አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። ስምንት ጊዜ ከሰው ፊት መቅረብ ማለት ነው። ያላት አንድ ቀሚስ ከጎኑ የተተረተረባት ሴት «በዚህ ሁኔታ እንዴት ከሰው ፊት እቆማለሁ?» ብላ ብትቀር፣ እኛ ተራ ነገር ነው ያልነው ጨርቅ መንገዷን ዘጋው ማለት ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ተማሪም እንዲሁ ናት። ዩኒፎርሟ ያልሆናት ዕለት ከክፍል ብትቀር፣ ከትምህርት ገበታ ያስወጣት እርግዝናው ብቻ ሳይሆን ቀሚሱም ነው።

ስለ ምርጫው ጥቂት ምክር

በታሪክ ያየነው ሁሉ ለዛሬዋ ገዥ የሚሆን ትምህርት አለው። አንደኛ፣ ጥጥ ይመረጣል። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም መጠን ወደ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ይልቅ ይሞቃታል፤ ያልባታል። እንደ ጁባና እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ አገር አየር የማያሳልፍ ናይለን ያስጨንቃል። ሁለተኛ፣ ማሰሪያው ወይም ላስቲኩ ከሆድ በታች ወይም ከጡት በታች ይሁን እንጂ ሆዱ ላይ አይረፍ። ወገብን አጥብቆ ማሰር ቃርን ያባብሳል፤ ምቾትም ይነሣል። ሦስተኛ፣ ከፊት የሚከፈት ልብስ ከወሊድ በኋላ ለማጥባት ስለሚያገለግል የአራት ወር ሳይሆን የሁለት ዓመት ልብስ ይሆናል። አራተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። እስከ አምስተኛው ወር ባለው ልብስ መቆየት ይቻላል፤ ከዚያም ሁለት ሰፋፊ ቀሚስና አንድ የሚታገል ጨርቅ ተራ በተራ እየታጠቡ ይበቃሉ። አምስተኛ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ የምትሄድ ሴት ስፌቱ በውስጥ በኩል ተርፎ እንዲታጠፍ ብታዝዝ፣ ሲጠብ ተተርትሮ ይለቀቅላታል። ስትወልድም ተመልሶ ይጠብላታል።

እግር ስለሚያብጥ ጫማም ልል መሆን አለበት። ነገር ግን ፊትና እጅ በድንገት ቢያብጥ፣ ከባድ ራስ ምታት ቢኖር ወይም ዓይን ቢደበዝዝ ይህ የጫማ ወይም የልብስ ጉዳይ አይደለም። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

የታሪክ መምህራን ይህን ርእስ ወደ ክፍል ሊወስዱት ይችላሉ። ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄደው እናታቸውን ወይም አያታቸውን «እኔን ስታረግዢ ምን ለብሰሽ ነበር? ጨርቁንስ ከየት አገኘሽው?» ብለው ይጠይቁ። አንዱ አቡጀዲድ፣ ሌላው የባሕር ዳር ፋብሪካ ጨርቅ፣ ሌላው የርዳታ ልብስ፣ ሌላው ሰልባጅ የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። መልሶቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በዓመተ ምሕረት ተራ ሲጻፉ የአገሪቱ የንግድ፣ የፋብሪካና የስደት ታሪክ ከተማሪዎቹ ቤት ወጥቶ ይታያል። በክፍሉ ውስጥ እናት የሞተችበት ልጅ ሊኖር ስለሚችል፣ ልጆች ከፈለጉ አክስትን ወይም ጎረቤትን እንዲጠይቁ መምህሩ አስቀድሞ ሊፈቅድ ይገባዋል።

ገና ከመነሻችን «መስፋት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ተናግረን ነበር። የጁባ ታሪክ የሚያስተምረን ሁለቱ ትርጉሞች መታረቅ እንደሚችሉ ነው። ዛሬ የኮንዮ ኮንዮ ልብስ ሰፊ ኪቴንጌውን ቆርጦ፣ ጎኑን ትርፍ ትቶ፣ ማሰሪያውን ከጡት በታች ሲያደርግ የላዋን ልልነትና የመኪናን ስፌት በአንድ ልብስ ላይ ያገናኛል። የእኛም ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምና ጋውን ሲያሰፉ እንዲሁ እንዲያስቡ አደራ እንላለን። ደንብ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለደንብ አይሰፋም።